ሙላት ስልኩን የሰካ ዕለት

እኔ አሰገደች ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለው መንገድ የሙሽራ ቀሚስ እሰፋለሁ። ከግድግዳዬ ወዲያ ያለው የሙላት ፎቶ ቤት ነው። ግድግዳ አልኩት እንጂ ኮምፔርሳቶ ነው፤ እሱ ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ነኝ። ስለዚህ የሙላትን ነገር ከሰው ሰምቼ አላወራም፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። በዓይኔ አይቼውም ያን ሰኞ ማመን አቅቶኛል። ትዝ ባለኝ ቁጥር ክው እላለሁ፤ መርፌዬን አስቀምጬ ወደዚያ ኮምፔርሳቶ አፈጣለሁ።

ሙላት የቁይ ልጅ ነው። ሰነፍ ነው። ሰነፍ ስለው አይቆጣም፤ ስንፍናው ግን ብዙ ሥራ የሚፈልግ ስንፍና ነው። በልጅነቱ ገብሱን ከወፍ ጠብቅ ሲባል፣ ማሳው ዳር ዳር ጣሳ ሰቅሎ፣ ጣሳዎቹን በገመድ አያይዞ፣ ገመዱን እስከ ቤት ድረስ ስቦ፣ መደብ ላይ ተጋድሞ በእግሩ ጣት ይጎትት ነበር። አባቱ መጀመሪያ አለንጋ አንሥተው ነበር፤ ኋላ ግን እሳቸውም ጎኑ ተጋድመው መጎተት ጀመሩ። ይህን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም ደረቱን ነፍቶ ነው።

ደብረ ማርቆስ ለትምህርት መጣ፤ ተማረ፤ ጨረሰ። ሥራ ሲጠብቅ ሲጠብቅ ሰለቸውና ጉርድ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ከጉርድ ፎቶ ወደ ክርስትና፣ ከክርስትና ወደ ሠርግ ተሻገረ። አሁን ከደብረ ኤልያስ እስከ ሮብ ገበያ ልጁን የሚድር ሁሉ የሚጠራው እሱን ነው። እኔ ሙሽራዋን አለብሳለሁ፣ እሱ ያነሳል፤ ስለዚህ ጥር ሲገባ እኔና እሱ አንድ መኪና ላይ ነን። እጁ የተባረከ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። አፉ ግን አያርፍም። አንድ ነገር ከሠራ መንገደኛው ሁሉ ገብቶ ካላየለት እህል አይበላለትም።

ሠርግ ላይ ሁለት ነገር ይይዛል፤ ካሜራና ስልክ። ቤት ውስጥ ጨለም ሲል ስልኩ ይሻላል ይላል። ታዲያ ስልኩ ያነሳውን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ሰለቸው። ገመድ ፈልግ፣ ስካ፣ ምረጥ፣ ጠብቅ፤ መሐል ላይ መብራት ሲሄድ ደግሞ እንደገና ከሀ ጀምር። እሱ ደግሞ ሁለቴ መሥራት ሞቱ ነው። ስለዚህ ስልኩንና ኮምፒዩተሩን እኩል አድርጎ የሚይዝ አፕ ጫነ። ስልኩ ላይ አንድ ፎልደር አለ፣ ኮምፒዩተሩ ላይም አንድ ፎልደር አለ፤ አፑ ሁለቱን ያመሳስላቸዋል። አንዱ ላይ የገባ ሌላው ላይ ይገባል። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ የሱቁ ዋይፋይ ይበቃዋል። ኔትወርክ ሄዶ በሚከርምበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ችግር ቀረው። አፑ ሠርግ ቤት ድረስ ተከትሎት ሄዶ፣ እዚያም ኮምፒዩተሩን ሲፈልግ ባትሪ ይጨርስበታል። እሱ ደግሞ ሁልጊዜ እየከፈተ መዝጋት አይወድም። ስለዚህ ይህን አፕ የሚያዝ ሌላ አፕ ጫነበት። "ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካና የሱቁን ዋይፋይ ሲያገኝ አመሳሳዩን ቀስቅሰው፤ ስልኩ ሲነቀል አስተኛው" ብሎ ትእዛዝ ጻፈለት። የሚያዘውን አለቃ፣ የሚያመሳስለውን ተሸካሚ ብሎ ስም አወጣላቸው።

ይህን የጨረሰ ዕለት ኮምፔርሳቶውን ደበደበው። "እትዬ አሰገደች፣ እስቲ ይምጡ።"

ሄድኩ። ስልኩን ሰካ፤ እጁን አጣምሮ ቆመ። ምንም ሳይነካ ያነሳው ፎቶ ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ይደረደር ጀመር። ከዚያ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ከኮምፒዩተሩ አጠፋና ስልኩን አሳየኝ፤ ከስልኩም ጠፍቷል።

"አዩ፣ አንዴ ካጠፋሁ ሁለተኛ አልደክምም" አለኝ።

"አንተ ልጅ፣ አንድ ቀን የሚያጎርስህ ማሽን ሠርተህ በረሃብ እንዳትሞት" አልኩት። ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ለመጣ ለሄደው ሁሉ "ስልኬ ቢሰበር፣ ቢሰረቅ ግድ የለኝም፤ ሁሉም ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ" ማለት ሆነ ሥራው። ለሚስቱ ለወለተ ኪዳንም ነግሯታል። ወለተ ኪዳን የሰንበት ተማሪ ሆና ያደገች፣ ጾም የማትገድፍ፣ ዝም ያለች ሴት ናት፤ ባሏ ያላትን ታምናለች። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ይሄኔ ነው።

ጥር ላይ ሮብ ገበያ ሠርግ ሄድን። ሙሽራዋ የኔዓለም ትባላለች፤ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። እናቷ ገና በልጅነቷ ነው የሞተችው። ያሳደጓት አባቷ አያ ዘመነ ናቸው፤ ያ ቤት ሁለቱ ብቻ የሚኖሩበት ቤት ነበር። አያ ዘመነ ቃል የማያባክኑ፣ ፎቶ የሚባል ነገር የማይወዱ ገበሬ ናቸው። ለመታወቂያ አንዴ ተነሥተዋል፤ እሱም ደብዝዞ ሰው ይሁን ግንድ አይለይም። ዘመድ ሲያገባ ካሜራ ሲመጣ ተነሥተው በሬ ሊያዩ ይወጣሉ። ያን ቀን ግን ልጅቱ "ለእኔ ስትል" ብላ ለመነቻቸው፤ እሺ አሉ።

ሙሽሮቹ ጉልበት ሊስሙ ሲገቡ ሙላት ካሜራውን ግቢው በር ላይ ተክሎት ስለነበር ምርቃቱን በስልክ ቀረጸው። እኔ የቀሚሱን ጫፍ ይዤ አጠገባቸው ነበርኩ። አያ ዘመነ እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው "ወልዳችሁ ሳሙ፣ ዘርታችሁ ቃሙ" ብለው ጀመሩና እስኪጨርሱ ድምፃቸው ዝንፍ አላለም። ዓይናቸውም ደረቅ ነበር። እኔ ስነፋረቅ እሳቸው እንደዚያ መሆናቸው አናድዶኝ ነበር፤ እውነቱን ልናገር። ወዲያው "ወጡ፣ ወጡ" ተባለ። ሙላት ስልኩን መስኮቱ ደፍ ላይ ወርውሮ ወደ ካሜራው ሮጠ። ሽኝቱ ሁሉ ካለቀ በኋላ ተመልሶ ሲያነሳው ባትሪው አልቆ ጠፍቶ አገኘው፤ እስከ ማርቆስ ድረስ ስልኩን ሲረግም መጣ።

ሠርጉ ወር ሳይሞላው አያ ዘመነ ሞቱ። ታመሙ ሳይባል ነው የሞቱት። ለልቅሶ እኔና ሙላት ሄድን። ሰው እንደ ደንቡ የሟቹን ፎቶ ከፍ አድርጎ ይዞ እንዳያለቅስ ፎቶ የለም፤ ጋቢያቸውንና መቋሚያቸውን ይዘው ነው ያለቀሱ። የኔዓለም ጋቢውን ታቅፋ "መልክህን ከየት ላምጣው፣ ድምፅህን ከየት ላምጣው" እያለች አንጀታችንን በላችው።

ሙላት አላስቻለውም። ጠጋ ብሎ "የኔዓለም፣ መልካቸውም ድምፃቸውም እኔ ጋ አለ። የመረቁሽ ሁሉ አለ። ቅበላ ይለፍና የሁዳዴ መጀመሪያ ሰኞ ነይ፤ አዘጋጅቼ እሰጥሻለሁ" አላት።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወዲያ ጮኻ አላለቀሰችም። ቀብር የዋለ ሁሉ ልጅቱ ምን ሰምታ ነው የበረታችው ይባባል ነበር።

ሰኞ ደረሰ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ የለም፤ የኔ ሥራ ያረጀ መጣፍ፣ የሱ ሥራ ጥር ላይ ያነሳውን ማሰናዳት ነው። ሙላት ሲከፍት፣ ወንበር ሲስብ፣ ስልኩን ሲሰካ ሁሉ ይሰማኛል። ሲያፏጭም ሰማሁት። ከዚያ ፉጨቱ ቆመ።

"እትዬ አሰገደች።" ኮምፔርሳቶውን አልደበደበም። ድምፁ የሱ አልመስል አለኝ።

ስገባ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ኮምፒዩተሩ ላይ የሠርጎቹ ፎቶዎች ተደርድረዋል። እያየሁት አንዱ ጠፋ። የሚቀጥለው ቦታውን ያዘ፤ እሱም ጠፋ። ከዚያ ሌላው። ማንም ሳይነካው። አንዲት የደብረ ኤልያስ ሙሽራ ፈገግ እንዳለች እልም ስትል አየሁ።

"እኔ አልነካሁም" አለ ሙላት። "እትዬ፣ እኔ እኮ አልነካሁም።"

"ታዲያ ማነው የሚያጠፋው?"

ስልኩን ከፈተው። ፎልደሩ ባዶ ነው። አንድም ነገር የለም። ፊቱ አመድ መሰለ። "ከስልኩ ጠፍቷል" አለ ቀስ ብሎ። "አለቃው ተሸካሚውን ቀስቅሶታል። ተሸካሚው ሁለቱን እኩል እያደረገ ነው።"

ደብዛዛውን ፎቶ ሲያጠፋ ያሳየኝ ትዝ አለኝ። ያኔ ከኮምፒዩተሩ ሲጠፋ ከስልኩ ጠፋ ብሎ የተደነቀው ሰው፣ ከስልኩ ሲጠፋስ ከኮምፒዩተሩ ይጠፋል ብሎ አንድ ቀን አላሰበም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ ይህ ደግሞ ያዘዙትን አይለቅም። ባዶ ስልክ ከሙሉ ኮምፒዩተር ጋር አመሳስል ተብሎ፣ ሙሉውን ባዶ እያደረገ ነው።

"አስቁመው" አልኩት። ማውሱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ዓይኑ ከሚጠፉት ፎቶዎች አልነቀል ብሎታል። እኔ የስፌት መኪናዬ ክር በልታ አልቆም ስትል የማደርገውን አደረግሁ። ጎንበስ ብዬ ከግድግዳው ላይ የመብራት ማከፋፈያውን መነጨቅኩት። ኮምፒዩተሩ ድርግም አለ።

ሙላት መሬት ላይ ቁጭ አለ። "ስልኩን ብነቅለውም ይቆም ነበር" አለ። "ሲነቀል አስተኛው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ረሳሁት።"

ወለተ ኪዳንን ደውሎ ጠራት። ምን ሆንክ ብላ እየሮጠች መጣች፤ እጇ ገና አመድ አመድ ይላል። "ስልኩን ማን ነካው?" አላት።

"እኔ" አለች ወዲያው። ምንም አልጠረጠረችም። "ትናንት በቅበላው ማታ ድስቱንም ሳህኑንም ቅቤው እስኪለቅ በአመድ ሳሽ ስልክህን አየሁት። ብከፍተው እስክስታ፣ ብከፍተው ጭፈራ። ጾም ሊገባ ይህ ሁሉ ዘፈን ቤታችን አይደር ብዬ ከስልኩ አጸዳሁልህ። ሁሉም ኮምፒዩተሩ ውስጥ አለ ብለኸኝ የለ?"

ቤታቸው ዋይፋይ የለም፤ ማታ ስልኩ ባዶ ሆኖ ሲያድር ኮምፒዩተሩ አልሰማም። የሰማው ሙላት ራሱ አምጥቶ፣ ራሱ ሲሰካው ነው።

"ምነው?" አለች ወለተ ኪዳን። ባሏን አየች፤ እኔን አየች። "ምን አደረግሁ?"

እሱ ዝም ሲል ተናደድኩ። "ንገራት እንጂ" አልኩት። "ያልካትን ነው ያደረገች።" ነገራት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ደርቃ ቀረች። የሮብ ገበያዋ ልጅ ዛሬ እንደምትመጣ እሷም ታውቃለች።

ስልኩን አጥፍተን ኮምፒዩተሩን አስነሣነው። ከጥር ሠርጎች የተረፈ አለ፣ የሄደም አለ። ሙላት የሮብ ገበያውን ከፈተ። ምርቃቱ የለም። በስልክ የተነሡት ፎቶዎችም የሉም፤ ካሜራው የያዘው የግቢውን በር ነው፣ አያ ዘመነ እዚያ የሉም። የጠፋ ቆፍሮ የሚያወጣ ፕሮግራም ሞከረ፤ አንድ አወጣና ቢከፍተው አልከፈትም አለ። እንደገና ሞከረ። ላቡ አፍንጫው ላይ ይንጠባጠባል። እኔ በልቤ መንገዱ ተዘግቶ ዛሬ ባትመጣስ እያልኩ ነበር፤ ጸሎት ከሆነ ያ ነው የጸለይኩት።

መጣች። ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ተከናንባ፣ አዲስ ፍላሽ በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ። "እንዴት ዋላችሁ" ብላ ቆመች። ፊቷ በርቷል። ያን ፊት ባላይ በወደድኩ።

ሙላት ተነሣ። አልዋሸም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። "የኔዓለም፣ ጠፍቶብኛል። አባትሽ ጠፍተውብኛል" አላት። ከዚያ እንዴት እንደጠፋ ሊያስረዳ ጀመረና ግማሽ ላይ ተወው።

አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፍላሹን ጠቅልላ ወደ ጉያዋ መለሰችው። "ጋሼ ሙላት፣ አባባ እስካሁን እኮ አልሞተብኝም ነበር" አለች። "ሰኞ አየዋለሁ፣ ሰኞ አየዋለሁ እያልኩ ነው የሰነበትኩት።"

ወለተ ኪዳን እግሯ ላይ ወደቀች። "እኔ ነኝ እቴ፤ ለጾሙ ብዬ ነው፤ ይቅር በይኝ።" ልጅቱ አነሣቻት። እግዜር ይቅር ይበለን አለች፤ ድምፅዋ ግን ከእሷ የሚወጣ አይመስልም ነበር። ሙላት ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እኔ እንጃ። 

እኔ ዝምታ አልችልም። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ ኮምፒዩተሩን አየሁ። የሮብ ገበያው ፎልደር እንደተከፈተ ነው፤ ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ቀርቷል።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ዝም ብሎ ነው እትዬ፤ ጨለማ ነው። ስልኩ በስህተት የቀረጸው ይሆናል።"

"ክፈተዋ።"

ከፈተው። ዘመም ያለ ቪዲዮ ነው፤ ስልኩ መስኮቱ ደፍ ላይ እንደወደቀ የቀረጸው። ሙላት "ዘጋሁ ብዬ ሁለቴ ነክቼ እንደገና አስጀምሬዋለሁ" አለ ለራሱ። ለካ ባትሪውን የጨረሰው ይህ ነው። መደቡ ይታያል፣ በሩ ወለል ብሏል። ከውጭ እልልታና የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ሰው ሁሉ ሙሽራዋን ሊሸኝ ወጥቷል።

አያ ዘመነ ብቻቸውን ገቡ። የኔዓለም "አባባ" አለችና አፏን ያዘች።

በሩ ሥር ልጅቱ የሙሽራ ጫማ ስታደርግ አውልቃ የተወችው ኮንጎ ጫማ ነበር። ጎንበስ ብለው አነሡት። አቧራውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና አጣምረው መደቡ ሥር፣ ቦታው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ተቀመጡ። የበሩ ብርሃን ፊታቸው ላይ ነው፤ ሽበታቸው ሳይቀር ይታያል። እኔ ድርቅ ያሉ ሰው ያልኳቸው አያ ዘመነ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ክው አልኩ። በሰው ፊት ያልወረደ እንባ ጺማቸውን እያራሰ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም።

ደወል ተሰማ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይመስለኛል። ቀና አሉ። ለመነሣት እጃቸውን ወደ ጎን ሰደዱ፤ እንደ ልማዳቸው ወደ ጓዳው ዞረው ተጣሩ።

"የኔዓለም፣ መቋሚያዬን።"

ጓዳው ዝም አለ። እሳቸው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። መሄዷ የገባቸው ያኔ መሰለኝ፤ እጃቸው ቀስ እያለ ጉልበታቸው ላይ ወረደ። ግን እንደገና፣ አሁን ዝግ ባለ ድምፅ፣ ትመጣለች ብለው ሳይሆን ስሟን ለመጥራት ብቻ ተጣሩ።

"የኔዓለም።"

"አቤት አባባ፣ መጣሁ" አለች ልጅቱ አጠገቤ። ከወንበሩ ተነሥታ ነበር።